የካላሪና ግንብ በእመት ደብሪቱ መሬት

ጣሊያናዊው ካፒቴን ቤላንዲ ደብረ ማርቆስ ላይ የመርከብ መብራት ሊያቆም የተነሣው በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። የመርከብ መብራት! ያውም ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ሰው ብዙ ውሃ የሚያየው ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ካልሆነም ጣራው ሲያፈስበት ብቻ በሆነ አገር።

ለግንቡ የመረጠው ቦታ ደግሞ የእመት ደብሪቱን ጉብታ ነበር። ወይራ አምባ ትባላለች፤ ከከተማው ወጣ ብላ መንገዱን ቁልቁል ታያለች። አናቷ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ከወይራው ዝቅ ብሎ ሁለት ሣር ቤት፤ ከዚያ በታች ለገብስ የሚታረስ ማሳ። እመት ደብሪቱ ስድሳን አልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውም ርቀው ተድረዋል። የቀራቸው ይኸው መሬት ነው፤ ከእናታቸው ከአሰገደች የወረደ ርስት ነው። እሱን ካጡ በሰው ደጅ ጥገኛ መሆናቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለጥገኝነት የሚሆን አንገት አልፈጠረባቸውም።

አንድ ማለዳ ከቤት ሲወጡ አራት ወታደሮች ማሳቸው ላይ ገመድ እየወጠሩ ካስማ ሲተክሉ አገኙ። አብሯቸው አካለ ወልድ ነበር፤ የከተማው ልጅ ነው፣ አስመራ ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ ጣሊያንኛ ለምዶ አሁን ለካፒቴኑ ያስተረጉማል። ሲያያቸው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉት።

«ግንብ ሊሠራ ነው፣ እመት። ካፒቴኑ በተወለደበት አገር ያለ ግንብ አምሳያ ነው የሚያሠራው። ጫፉ ላይ መብራት ይበራበታል።»

«መብራቱ ምን ይሠራል?»

አካለ ወልድ እግሩን እግሩን አየ። «መርከብ መንገድ እንዳይስት ነው» አለ።

እመት ደብሪቱ መጀመሪያ «መርከብ?» ብለው በትክክል መስማታቸውን አጣሩ። ከዚያ ወደ ምዕራብ አዩ፤ ወደ ምሥራቅ አዩ፤ ሜዳውን፣ ተራራውን፣ ከማሳው ዳር ቆሞ የሚያያቸውን እኩል አራሻቸውን አይናዲስን አዩ። «ጣና ከዚህ ስንት ቀን ያስኬዳል፣ አይናዲስ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ሸክም ከሌለ ሦስት ቀን።»

«እንግዲያ መንገድ የሚስቱት ያንተ በሬዎች ናቸዋ!» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው ካስማውን ይነቅሉ ጀመር። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ነቀሉ። ወታደሮቹ ሴት ልጅ ላይ፣ ያውም አሮጊት ላይ፣ ያለ ትእዛዝ መተኮስ አፍረው ቆመው አዩ። እመት ደብሪቱ ካስማውን ታቅፈው ወደ ማድቤት ገቡ። ደረቅ እንጨት ነው፤ ለማገዶ ይሆናል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ቤታቸው በዚያው ቀን ይቃጠል ነበር። ግን ባለፈው ዓመት ጎጃም እንዳለ ተነሥቶ ጣሊያን ምሽጉ ውስጥ ተከርችሞ ከርሟል፤ ስለዚህ አሁን ሕዝቡን በለሰለሰ እጅ ያዙ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጥቷል። ከዚያም በላይ ለግንቡ የመሠረት ድንጋይ የሚያኖር ጄኔራል ከጎንደር ይመጣል፤ የመሬቱ ባለቤት በፈቃዷ ሰጠች የሚል ወረቀትም ሊቀርብለት ይገባል። ካፒቴኑ የፈለገው የእመት ደብሪቱን አውራ ጣት ነበር። ሌላው ሁሉ በእጁ ነው።

ስለዚህ አስጠራቸው።

ቢሮው ውስጥ ሲገቡ ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ሁሉ የአንድ አገር ነው። አካለ ወልድ ካላሪና ይባላል አላቸው። ከባሕር ዳር በገደል ላይ የተደራረቡ ነጫጭ ቤቶች፤ ባሕሩ ውስጥ የገባ አሮጌ ምሽግ፤ ጣራው ላይ መስቀል ያለበት ቤተ ክርስቲያን፤ አደባባይ ላይ ጣቱን ወደ ውሃው የቀሰረ የነሐስ ሰው፤ ከሁሉ አልፎ ደግሞ ድንጋይ ላይ ብቻውን የቆመ ረጅም ግንብ። እመት ደብሪቱ ጊዜ ወስደው አንድ በአንድ አዩት። አገሩ ያምራል። የሚያምረውን አያምርም የሚሉ ሴት አይደሉም።

«ይህን የመሰለ አገር ያለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

አካለ ወልድ ለካፒቴኑ ያንን አልነገረውም። «ያምራል ይላሉ» አለው፤ ይህን ኋላ ራሱ ለእሳቸው ተናዘዘ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ወንበር ሳበላቸው።

ወንበር ላይ ሌላም ሰው ነበር፤ ፊታውራሪ ፈንታ። የባላቸው የወንድም ልጅ ነው፤ ልጅ ሳለ ከእመት ደብሪቱ እጅ ብዙ ጎርሷል። ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው፤ ስድሳ ጠመንጃም ሰጥቶታል። አገሩ ባንዳ ይለዋል፤ እሱም እንዳልሰማ ያልፋል። «አክስቴ» አላቸው «ጣትዎን ያስነኩና ይገላገሉ። ሌላ መሬት ይሰጡዎታል።»

እመት ደብሪቱ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «በአገራችን መሬት የሚሻ ሰው አባቶቹን ይቆጥራል» አሉ። «መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ላይ ቆጥሮ ከደረሰ ይካፈላል፤ ካልደረሰ በመጣበት ይመለሳል። ይኸ ሰውዬ በሽማግሌ ፊት ይቁጠር። ከደረሰ አውራ ጣቴን ብቻ ሳይሆን አሥሩንም ጣቴን አትምለታለሁ።»

አካለ ወልድ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ሲናገር የካፒቴኑ ፊት እንደ ልጅ ፊት በራ። ሁለት ዓመት ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ስለ ካላሪና አንድ ሰው ጠይቆት አያውቅም። አሁን ደግሞ አንዲት ባላገር፣ ስለ አባቶችህ በሕዝብ ፊት ተናገር ትለዋለች! ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጃቸውን ሊስም ምንም አልቀረው፤ እጃቸው ግን ነጠላ ውስጥ ነበር።

«ተሟጋች ዋስ ይጠራል» አሉ እመት ደብሪቱ። «ዋሱ ማን ነው?»

ካፒቴኑ ዋስ ምን እንደሆነ ጠየቀ። የተባለውን የሚያስፈጽምልህ ሰው ነው ተባለ። ወደ ፊታውራሪ ፈንታ ጠቆመ።

ፊታውራሪው ሳቀ። «ዋስ ነኝ» አለ።

«ሙሉውን በለው እንጂ ልጄ። ሽማግሌም ይስማልን» አሉና ወደ በሩ ተጣሩ። «አያ ሙላት!»

አያ ሙላት የርስት ክርክር በመዳኘት ያረጁ ሰው ናቸው፤ በዚያን ቀን ስለ ተወሰደባቸው በቅሎ አቤት ሊሉ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ዘንጋቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ፊታውራሪ ፈንታ ሳቁን ሳያቋርጥ «ካፒቴኑ ቆጥሮ ካልደረሰ ካስማውን ላስነቅል ዋስ ነኝ» አለ። አያ ሙላት «ሰምቻለሁ» ብለው ተመልሰው ወጡ።

ስሕተቱ ይኸ ነበር። ካፒቴኑ ድግስ የተጠራ መሰለው። ፊታውራሪው ደግሞ ጨዋታ መሰለው፤ ጣሊያን ቤት የተባለ ነገር ከጣሊያን ቤት የማይወጣ መሰለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወይራ አምባ ላይ ተሰበሰበ። ከየቀበሌው የመጣው ሰው ማሳውን ከበበው። ሦስት ሽማግሌዎች ከወይራው ሥር ተቀመጡ፤ አያ ሙላት መካከል። አዲስ ካስማ እንደገና ተተክሏል፤ ለመሠረቱም እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ካፒቴኑ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሥዕሎቹን በእቅፉ ይዞ፣ ከስምንት ወታደሮች ጋር መጣ። ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ወረቀቱና ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። የፊታውራሪ ፈንታ ስድሳ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል።

«መሬቱን እሻለሁ ያለ ይቁጠር» አሉ አያ ሙላት።

ካፒቴኑ ጣቱን የቀሰረውን የነሐስ ሰው ሥዕል ከፍ አደረገ። «ይህ አድሚራል ኦራዚዮ ነው» አለ በአካለ ወልድ አፍ። «በባሕር ላይ ጦር የሚመራ፣ የጠላትን አሥራ አንድ መርከብ ያሰጠመ፣ የካላሪና ኩራት!»

«መልካም ነው» አሉ አያ ሙላት። «ማንን ወለደ?»

ካፒቴኑ ጥያቄው ግራ ገባው። «አልወለደም። ባሕርን አግብቶ ኖረ ይባላል።»

«ጥሎሽ ምን ሰጣት?» አለች ጥሩነሽ የምትባል ጎረቤት ከሴቶቹ መካከል፤ ሳቁ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ካፒቴኑም ሰዉ ደስ ብሎት የሚስቅ መስሎት አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ የአንድ ብሩክ መነኩሴ ሥዕል አወጣ፤ ከበዓቱ ሳይወጣ የዓለምን ባሕር ሁሉ በካርታ ላይ የሣለ ነው። ይኸንስ ሕዝቡ በአክብሮት ሰማው። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ መነኩሴ ምን ይወልዳል? አያ ሙላት «በጸሎቱ ያስበን፤ ቀጥል» አሉ።

ሦስተኛው ግንቡን የገነባው መሐንዲስ ነበር፤ ማስትሮ ቶማዞ። ካፒቴኑ የአባቴ አያት የእሱ ዘር ናቸው አለ። ሰባት ልጅ ወልዷል።

«አሁን ገና ሰው መጣ!» አሉ አያ ሙላት። «የት ተቀበረ?»

«ካላሪና።»

«ሰባቱ ልጆችስ?»

«ሁሉም ካላሪና።»

«የልጅ ልጆቹስ? ከእነሱ መካከል ዓባይን የተሻገረ፣ እዚህ ያረሰ፣ እዚህ የተቀበረ አለ?»

ካፒቴኑ ደረቱን ነፋ። «ከዘሬ ዓባይን በመሻገር እኔ የመጀመሪያው ነኝ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አያ ሙላት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ላሉት ሽማግሌዎች «ራሱ ተናገረ» አሏቸው። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ካፒቴኑ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያን ጊዜ ጠረጠረ። ሰዉን እንደገና ለማስደሰት፣ በተለይ ሴቶቹን፣ የቀረችውን አንዲት ሥዕል አወጣ። በምሽጉ በር ላይ የቆመች የነሐስ ሴት ናት፤ ፀጉሯ ተገልጧል፣ ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተወርውሯል። «ዶና ኪያራ» አለ። «የምሽጉ ጠባቂ መበለት። የባሕር ወንበዴዎች መጥተው የበሩን ቁልፍ አምጪ ቢሏት ምሽጉ አናት ላይ ወጥታ ቁልፉን ወደ ባሕር ወረወረችው።»

እመት ደብሪቱ እስካሁን መሬት ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተዋል። አሁን ተነሡ። በሩቅ አገር ያለች ዘመድ ወሬ የሰሙ ያህል ተሰማቸው።

«ወንበዴዎቹ ቁልፉን ለምን ፈለጉት?» ብለው ጠየቁ።

«ምሽጉን ሊወስዱ።»

«ምሽጉ የማን ነበር?»

«የካላሪና ሰዎች።»

«ጠመንጃ ነበራቸው?»

«መድፍ ነበራቸው!» አለ ካፒቴኑ፤ ስለ ኪያራ ሲያወራ ዓይኑ ያበራል።

«እሷስ ምን ነበራት?»

«ምንም።»

«እናንተ ታዲያ ሞኝ ናት አላችኋት?»

«እንዴት ሆኖ!» አለ ካፒቴኑ። «ሐውልት አቆምንላት። በየዓመቱ በቀኗ የከተማው ደወል ሁሉ ይደወላል። እናቴ እህቴን በስሟ ነው የሰየመቻት።»

«ደግ አድርጋለች እናትህ» አሉ እመት ደብሪቱ። «እንግዲያው ካፒቴን፣ እኔን ታውቀኛለህ። ገና ከእናትህ ቤት ጀምረህ ታውቀኛለህ። ታዲያ አሁን ማን ሆነህ ነው ደጄ የቆምኸው?»

አካለ ወልድ ለመተርጎም ወደ ካፒቴኑ ዞረ። እመት ደብሪቱ ዓይናቸውን አልነቀሉለትም። «እንዳልሁት ንገረው» አሉት። «ያምራል ይላሉ አትበለው።»

እንዳሉት ነገረው። ካፒቴኑ ሥዕሉን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ማንም ሳያዛቸው እመት ደብሪቱ ቆጠሩ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «ወይራ አምባን ጥሻ መንጥሮ ያቀናው ዘሚካኤል ነው! ዘሚካኤል ክንፉን ይወልዳል፤ ክንፉ ወለተ ጊዮርጊስን ይወልዳል፤ ወለተ ጊዮርጊስ ብሩን ትወልዳለች፤ ብሩ ዋለልኝን ይወልዳል፤ ዋለልኝ አሰገደችን ይወልዳል፤ አሰገደች እኔን ደብሪቱን ትወልዳለች! ሁሉም ያረሱት ይኸን ነው፤ ሁሉም የተቀበሩት እዚያ ማዶ በምታዩት ቤተ ክርስቲያን ነው!» ሴቶቹ እልል አሉ።

አያ ሙላት ተነሥተው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ካፒቴኑ ቆጥሮ አልደረሰም። እመት ደብሪቱ ደርሰዋል። ተረትቷል፤ ካስማው ይነቀል።»

ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ትዕግሥቱ አለቀ። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ወታደሮቹ ጮኸ። ሁለቱ መጥተው የእመት ደብሪቱን ክንድ ያዙ፤ ወደ ጠረጴዛው ጎተቷቸው። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በአራቱ ጣቶች ውስጥ ቀበሩና ጨበጡ። ወታደሩ ሊከፍተው ታገለ፤ አጥንታቸው ሲንቋቋ ተሰማቸው፤ ግን አልከፈቱም። እንባ በዓይናቸው ሞላ፤ አልጮኹም። «ዋሱ የት ነው?» አሉ ብቻ።

አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል «ዋሱ የት ነው?» ብሎ ተቀበላቸው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ማሳው ሙሉ። «ዋሱ የት ነው?»

እመት ደብሪቱ በወታደሮቹ ትከሻ መካከል የፊታውራሪ ፈንታን ፊት አዩ። አመድ መስሏል። ባንዳ መባልን ሁለት ዓመት ችሎታል፤ ለዚያ ሺህ ምክንያት ነበረው። ዋስትናውን የበላ ሰው ግን ምክንያት የለውም። ልጁን የሚያገባለት፣ አብሮት ማዕድ የሚቆርስ፣ ሬሳውን የሚሸከም ከየት ያገኛል? ይህን ሁሉ የሚያውቁ ዓይኖች በዙሪያው ነበሩ፤ የገዛ ሰዎቹም ዓይን ጭምር።

ሄደ። የመጀመሪያውን ካስማ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለና በካፒቴኑ እግር ሥር ጣለው።

«ዋስ ነበርሁ» አለ። «ተረትተሃል፣ ካፒቴን። የአክስቴን እጅ ልቀቁ።»

ካፒቴኑ ሽጉጡን መዘዘ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ስድሳ ጠመንጃ ጥይት ሲጎርስ ተሰማ፤ ጠመንጃው ሁሉ የጣሊያን ነው። ካፒቴኑ ወታደሮቹን ቆጠረ፤ ስምንት ናቸው። የእመት ደብሪቱ ክንድ ተለቀቀ። ካፒቴኑ ወረቀቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ሥዕሎቹን ሳይሰበስብ ቁልቁል ወደ ከተማው ሄደ። ፊታውራሪ ፈንታ ደግሞ ከነሰዎቹ ወደ ጮቄ፣ ወደ አርበኞቹ። ሲሄድ የአክስቱን ጉልበት ስሞ ነው፤ እሳቸውም ያበጠ እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ።

ሐሙስ ቀን ሁለት ካሚዮን ሙሉ ወታደር መጥቶ ሁለቱንም ቤቶች አቃጠለ። እመት ደብሪቱ ይህ እንደሚመጣ አልጠፋቸውም፤ የገብሱን ዘር አስቀድመው ጥሩነሽ ቤት አሳድረውታል። ሌላው ሁሉ ነደደ፤ የባላቸው ጋሻ፣ የእናታቸው ሣጥን፣ የሠላሳ ዓመት ዕቃ። ከወይራው ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው አይናዲስን «ነገ እንዘራለን» አሉት።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ያልተጠራው ሰው ሁሉ ጥማዱን እየነዳ መጣ። አርባ ጥማድ በሬ ወይራ አምባ ላይ ወጣ። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ካስማ የነበረበት ሁሉ ተገለበጠ፤ ቀትር ሳይሆን ማሳው ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ጓሉ ተከስክሶ አለቀ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር ከሩቅ በመነጽር አየ፤ የፊታውራሪ ፈንታ ስድሳ ጠመንጃ የት እንዳለ ስላላወቀ አልወጣም።

ቅዳሜ ጄኔራሉ በብዙ መኪና ታጅቦ መጣ። ካፒቴኑ ምን ብሎ እንደነገረው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ጄኔራሉ ቦታውን ካላየሁ ብሎ እስከ ጉብታው ድረስ ወጣ። ያየው ቀይ እርጥብ አፈር ነው። ካጠገቡ ገና የሚጨስ የቤት አመድ፤ በአመዱ ዳር አንዲት አሮጊት፣ እጃቸው በጨርቅ የታሰረ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው።

ጄኔራሉ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። ካፒቴኑ መሬት መሬቱን አየ።

«ግንቡ የታለ? ይቺ ሴትስ ማን ናት? እያለ ነው» አለ አካለ ወልድ፤ ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ ጄኔራሉ ዞሮ ራሱ መለሰለት። ለእመት ደብሪቱም ያለውን በአማርኛ ደገመላቸው፤ «የመሬቱ ባለቤት ናቸው አልሁት፣ እመት።»

እመት ደብሪቱ ከድንጋዩ ሳይነሡ የጄኔራሉን የሚያብረቀርቅ ጫማ አዩ፤ ግማሹ ማሳው ውስጥ ገብቷል።

«ደግ ብለሃል» አሉ። «አሁን ደግሞ እግሩን ያንሣ በለው። ገብሴን ረግጦብኛል።»

አካለ ወልድ ነገረው። ጄኔራሉ እግሩን አነሣ።